በባዶ እግር የተገዛች ሲንጀር

ታናሽ እህቴ ከጥቂት ወራት በፊት የዕቁብ ዕጣ ወጣላትና አይፎን ገዛች። የምትሠራው አንድ የልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ነው። የስልኩ ዋጋ ቢሰላ የስምንት ወር ደመወዟ ይሆናል። ይህች ልጅ ደግሞ፣ እህቴ ስለሆነች ሳይሆን እውነቱ ስለሆነ ነው የምናገረው፣ ገንዘብ የምታባክን አይደለችም። ምሳዋን ከቤት ቋጥራ ትሄዳለች። ማታ ታክሲ ሲጠፋ በእግሯ መምጣት ትመርጣለች። የተቀደደ ካልሲ ሰፍታ የምታደርግ በእሷ ዕድሜ ያለች ሌላ ሴት አላውቅም። እናም ወሬው ቤት ሲደርስ ጉድ ተባለ። እናታችን «ስልክ ነው ወይስ መሬት ነው የገዛሽው?» አለች። ታላቅ ወንድማችን በዚያ ገንዘብ ምን ምን መሥራት ይቻል እንደነበር በጣቱ ቆጠረ። እኔም ዝም አላልኩም፤ ስለ ከንቱ ውዳሴ አንድ ሁለት ነገር ተናገርኩ። ልጅቷ ስልኩን ከነካርቶኑ ታቅፋ፣ አንገቷን ደፍታ ሰማችን።

ሁላችንም ተናግረን ሲወጣልን፣ ጥግ ላይ ቡናቸውን ይዘው የተቀመጡት አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ለመሆኑ ከማን የወረሰችው መሰላችሁ?» ብለው በአገጫቸው ወደ መስኮቱ ሥር አመለከቱ። እዚያ፣ ዳንቴል ለብሳ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክማ የቆመችው የአያታችን የልብስ ስፌት መኪና ናት። ሲንጀር።

አጎቴ ያቺን መኪና አይወዷትም። ለምን እንደማይወዷት ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በቅጡ ያዳመጥኩት ግን የዚያን ዕለት ነው።

ዘመኑ 1953 ዓ.ም.፣ ከተማው ሐረር ነው። አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ባሏን ተከትላ ከሸዋ ሐረር የገባች፣ ሦስት ልጆች የወለደች፣ እጇ ለጥልፍ የተፈታ ሴት ነበረች። አባባ፣ ማለትም አያቴ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ደመወዛቸው ወር ከወር አድርሶ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሚያልቅ ዓይነት ነው። እምዬ የስፌት መኪና እንዲገዛላት መወትወት ከጀመረች ቆይታለች። አባባም በመጨረሻ እሺ አሉ። እሺ ያሉት ግን ለሌላ መኪና ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንዷ ሲንጀር ናት፤ የአባባን የአምስት ወር ደመወዝ ትጠይቃለች። ሌላዋ የጃፓን ሥራ ናት፤ ጥቁር፣ ወገቧ ቀጠን ያለ፣ ከሩቅ ላየ ሰው ቁርጥ ሲንጀርን የምትመስል። ዋጋዋ ግማሽ ነው። አባባ የጃፓኗን አሉ። እምዬ «ከእጅ አይሻል ዶማ ገዝቼ ቤቴ አላስገባም» ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አጎቴ ሲናገሩ ድምፃቸው ዛሬም ይለወጣል። እምዬ የሰፈር ሴቶች ዕቁብ ውስጥ ገባች። ዳኛዋን ለምና፣ ተራ ለደረሳት ሴት ጉርሻ ከፍላ፣ ዕጣውን ቀድማ ወሰደች። የጎደለውን ለመሙላት የጆሮዋን ጉትቻና ከእናቷ የወረሰችውን የብር ድሪ ሸጠች። ከዚያም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ከቤቱ ውስጥ ነገር አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ። መጀመሪያ ስኳር ጠፋ። ቀጥሎ ከበዓል በቀር ሥጋ ጠፋ። በመስከረም ደግሞ ለአጎቴ ሊገዛ የታሰበው ጫማ ቀረ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ናቸው። በትምህርታቸው ጎበዝ ስለነበሩ ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከሚሰቅሉት ልጆች አንዱ ሆነው ተመርጠዋል። «ተማሪው በሙሉ ተሰልፎ ቀና ብሎ ባንዲራውን ማየት ሲገባው የእኔን እግር ያያል» ይላሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ እምዬ መኪናዋ እንደገባች መጀመሪያ የሰፋችው የእሳቸውን ዩኒፎርም መሆኑ ነው። ከላይ ጥርት ያለ አዲስ ካኪ፣ ከታች ባዶ እግር።

ይህን ከሰማሁ በኋላ እህቴን የተናገርኳት ነገር አፌ ውስጥ መረረኝ ማለት አልችልም፤ ግን አንድ ጥያቄ ይዞኝ ገባ። እምዬ ከንቱ ሴት አልነበረችም። አሥር ሳንቲም የምታስርበት ቋጠሮ ነበራት። እንዲህ ያለች ሴት ግማሽ ዋጋዋን የምትጠይቀውን መኪና ትታ፣ ልጇን በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት እየላከች፣ ውዷን የመረጠችው ለምንድን ነው? መልሱን ፍለጋ ወደ መኪናዋ ታሪክ ገባሁ። አንባቢ ከተከተለኝ ነገሩ የሚጀምረው ከሐረር ሳይሆን ከአሜሪካ ነው።

አይዛክ ሜሪት ሲንገር (እኛ ነን ሲንጀር ያልነው) የስፌት መኪናን አልፈለሰፈም። ከእሱ በፊት ኤልያስ ሃው የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1846 በሁለት ክር ለሚሰፋ መኪና የባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር፤ ኋላም ሲንገርን ከሶ ረትቶታል። ሲንገር በወጣትነቱ የቲያትር ተዋናይ ነበር፤ ከተለያዩ ሴቶች ከሃያ በላይ ልጆች የወለደ፣ ኑሮው ራሱ ቲያትር የሆነ ሰው ነው። ያደረገው ነገር የሌሎችን ሐሳብ አሻሽሎ በእርግጥ የሚሠራ መኪና ማውጣት ነው። መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1851 ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች 100 ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር። በዚያ ዘመን የአንድ ተራ የአሜሪካ ቤተሰብ የዓመት ገቢ 500 ዶላር ያህል ይገመታል። እንግዲህ የሁለት ወር ተኩል ገቢ ማለት ነው።

የመኪናዋ ጥቅም ግን የሚካድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1861 ዊለርና ዊልሰን የተባለው ተፎካካሪ ድርጅት ባወጣው ስሌት አንድ የወንድ ሸሚዝ በእጅ ለመስፋት 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ሲፈጅ በመኪና 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ብቻ ይበቃው ነበር። ስሌቱ የሻጭ ስሌት ነውና ትንሽ ጨው ይኖረው ይሆናል። ቢሆንም ልጆቿን አስተኝታ በኩራዝ ስትሰፋ ለምታድር ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያሻም። መሐተማ ጋንዲ እንኳ፣ ያ የፋብሪካን ነገር የጠላና ሕዝቡን ወደ እጅ መፍተያ የመለሰ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 መኪናን ሁሉ ትቃወማለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የሲንገርን የስፌት መኪና ለይቶ አውጥቶ አሞግሷታል። ጋንዲ ሲንገር መኪናዋን የሠራው ለሚስቱ ድካም አዝኖ ነው የሚለውን ወሬ አምኖ ነበር። ስለ ሲንገር ትዳር የምናውቅ ሰዎች ፈገግ እንላለን።

ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ ሰዉ ለምን ወዲያው አልገዛም? ገንዘቡ አልነበረውማ። በዓመት 500 ዶላር የሚያገኝ ሰው በአንድ ቀን 100 ዶላር ቆጥሮ የሚሰጥበት እጅ የለውም። እዚህ ላይ ነው የሲንገር ሸሪክ የነበረው ጠበቃ ኤድዋርድ ክላርክ የሚመጣው። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ፈልሳፊ እሱ ነው። ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1856 አዲስ አሻሻጥ አመጣ፤ መጀመሪያ 5 ዶላር ከፍለህ መኪናዋን ውሰድ፣ የቀረውን በየወሩ ከ3 እስከ 5 ዶላር እየከፈልክ ጨርስ። በ1855 ድርጅቱ የሸጠው 883 መኪና ነበር። በ1856 የሸጠው 2,564 ነው። በአንድ ዓመት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መኪናዋ ያው ናት፤ የተለወጠው ዋጋው የሚጠራበት አፍ ብቻ ነው። መቶ ዶላር ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ በወር ሦስት ዶላር ሲባል ጓዳውን ያስባል። ስኳሩን ያስባል።

ክላርክ ሌላም ዘዴ ነበረው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው፣ የማንም ሥራ ትሁን፣ አምጥቶ ቢሰጥ 50 ዶላር ይታሰብለትና አዲስ ሲንገር ይወስዳል። የተሰበሰቡት አሮጌዎች ግን ተጠግነው ለድሃ አልተሸጡም፤ ተሰባብረው ተጣሉ። ርካሽ መኪና ገበያ ላይ እንዳይኖር ነው። ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ደግሞ በግማሽ ዋጋ ይሰጥ ነበር። ይህ ለጽድቅ የተደረገ አይመስለኝም። የሰባኪው ሚስት ቤት የገባ ዕቃ ምእመናን ሁሉ ያዩታል። ታላላቅ መሸጫዎቹ ምንጣፍ የተነጠፈባቸው፣ መስታወት የተሰደረባቸው ነበሩ፤ በመስኮታቸው በኩል ወጣት ሴቶች ተቀምጠው ሲሰፉ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። መኪናዋ ራሷ በወርቅ ቀለም አበባ ተሥሎባት፣ በእንጨት ገበታ ላይ ተጭና፣ እንግዳ መቀበያ ክፍል እንድትቀመጥ ሆና ተሠራች። የእኛዋ ለምን ዳንቴል እንደለበሰች ይህን ሳነብ ገባኝ።

በዚያው ዘመን ርካሽ መኪናዎች ነበሩ። ዊልኮክስና ጊብስ የተባለው ድርጅት በአንድ ክር የምትሰፋ ቀለል ያለች መኪና በ50 ዶላር ገደማ ያቀርብ ነበር። ሆኖም ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1870 ብቻ ከ127 ሺህ በላይ መኪና ሸጠ። ደንበኞቹ ባለጸጎች አልነበሩም። ባለጸጋማ ልብስ ሰፊ ይቀጥራል እንጂ ራሱ አይሰፋም።

የክላርክ ውል ግን አንድ ስለት ነበረው። የመጨረሻዋ ዶላር እስክትከፈል ድረስ መኪናዋ የድርጅቱ ናት። ገዢዋ በወረቀቱ ላይ ተከራይ ናት እንጂ ባለቤት አይደለችም። ክፍያ ቢቋረጥ ሰብሳቢው መጥቶ ይወስዳታል፤ እስከዚያ የተከፈለውም የኪራይ ሆኖ ይቀራል። እኛ ዘንድ ዕቁብ ይሄንኑ ሥራ ያለ ድርጅት ሠርቷል። እምዬም ሆነች የኒውዮርኳ ሴት በአንድ ጊዜ የማይገኝን ገንዘብ በሳምንትና በወር ቆራርሰው አገኙት። ልዩነቱ ዋስትናው ላይ ነው። የኒውዮርኳ ሴት ብታጓድል መኪናዋን ታጣለች። እምዬ ብታጓድል ዋሷን ታዋርዳለች፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ለቅሶ እንኳ ቀና ብላ አትደርስም። ስኳሩና ጫማው የጠፋው ለዚህ ነው። ለድርጅት ዕዳ ሰው ሊጠፋ ይችላል። ከጎረቤት ዕዳ ግን ወዴት ይጠፋል?

የእኛዋ መኪና ከየት እንደመጣች ለማወቅ ዳንቴሉን አንስቼ ቁጥሯን አየሁ። ሲንገር በእያንዳንዷ መኪና ላይ ፊደልና ቁጥር ይመታ ነበር፤ ፊደሉ የተሠራችበትን ፋብሪካ ይናገራል። የእኛዋ በላቲኑ «ኢ» ይጀምራል። ይህ በስኮትላንድ፣ ከግላስጎው አጠገብ ባለችው ክላይድባንክ ከተማ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ መኪናዎች ምልክት ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1885 የተከፈተ፣ በአራት ፊቱ ግዙፍ ሰዓት ያለው ግንብ የነበረውና በ1913 በአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ በላይ መኪና ያወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ከአሥር ሺህ በላይ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ነበር፤ የነገሩ መነሻ ከጥቂት ሴት ሠራተኞች ላይ የሥራ ጫና መጨመሩ ነው። በ1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማይቱን ሲደበድቡ የፋብሪካው የእንጨት ግቢ ነደደ። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተነሥቶ ለዓለም ሁሉ ሠራ። በ1980 ተዘጋ። ዛሬ ፋብሪካው የለም፤ በአጠገቡ ያለው የባቡር ጣቢያ ግን አሁንም ሲንገር ይባላል። የእምዬ መኪና ከዚያ ተነሥታ፣ መቼም በጅቡቲ በኩል ድሬዳዋ ደርሳ ነው፣ ሐረር የገባችው።

አሁን ወደዚያች የጃፓን መኪና ልመለስ። በእርግጥ ከእጅ የማይሻል ዶማ ነበረች? ይህን ለመጠየቅ መርካቶ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። አርባ ዓመት የሠሩ አዛውንት ናቸው። ጥያቄዬን ሰምተው ሳቁ። ከመደርደሪያቸው ሁለት መዘውሮች አውርደው አንዱ ከሲንጀር፣ አንዱ ከጃፓን መኪና የወጣ መሆኑን ነገሩኝ። አገላብጬ አየኋቸው፤ መለየት አልቻልኩም። «እኔም አልለይ» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎች የሲንገርን 15ኛ ዓይነት መኪና አንድ የጋራ አርአያ አድርገው ስለያዙት የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይገጥም ነበር። መርፌው ያው፣ የታችኛው ክር የሚጠቀለልባት ትንሿ ብረትም ያችው ናት። ከጃፓኖቹም ብዙዎቹ ጠንካራ ሆነው ዛሬ ድረስ ይሰፋሉ።

ስለዚህ አባባ ትክክል ነበሩ። ቢያንስ ስለ ብረቱ ትክክል ነበሩ። እምዬ ለዚያ ለሁለተኛው ግማሽ ዋጋ ምን ገዛችበት?

ሐረርን የሚያውቅ አንባቢ መኪና ግርግርን ያውቃል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው፣ ግራና ቀኙን ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ነው። ስሙም ከዚያው ከስፌት መኪናው ድምፅ የወጣ ነው። እዚያ የሚሰፉት ወንዶች ናቸው። ደንበኛ ጨርቁን ገዝቶ ይመጣል፣ ይለካል፣ በዚያው ተሰፍቶለት ይሄዳል። ሰፊው ሱቅ አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ቢያበላሽ የሚከሱበት ቦታ አለው። እምዬ ከዚህ አንዱም አልነበራትም። ከሌላ አገር የመጣች፣ ቤቷ ውስጥ የተቀመጠች፣ ማንም የማያውቃት ሴት ናት። ጨርቅ ደግሞ በዚያ ጊዜ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዲት ሴት ለዓመት በዓል ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ለመግዛት ወራት ትቆጥባለች። ያንን ጨርቅ ለማትታወቅ ሴት መቀስ ማስረከብ አደራ ነው።

እናቴ ትንሽ ልጅ ሆና የምታስታውሰው ነገር አለ። አዲስ ደንበኛ ስትመጣ እምዬ ቡና አፍልታ በመኪናዋ ትይዩ ታስቀምጣታለች። ስለ ሙያዋ አታወራም። ሴትየዋ ቡናዋን እየጠጣች በወርቅ የተጻፈውን ስም ታያለች። ማንበብ የማትችለውም ታውቀዋለች፤ ፊደሉን እንደ ሥዕል ለምዳዋለች። ጥቂት ቆይታ ጨርቋን ከነጠላዋ ሥር ታወጣለች። ደንበኛዋ ስለ መዘውርና ስለ መርፌ ምንም አታውቅም፤ የጃፓኗም ያው ናት ብሎ የሚነግራትም የለም። የምታውቀው ስሙን ነው። እምዬን ማንም አላመናትም ነበር፤ ሲንጀርን ግን ሐረር በሙሉ ያምን ነበር።

ሌላም አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አባባ ታመው ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሁለቱንም ጊዜ ለሕክምና የሚሆነው ገንዘብ የተገኘው መኪናዋ ለአንድ ነጋዴ መያዣ ተሰጥታ ነው። ነጋዴው መኪናዋን ሳያይ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ እንደነበር እናቴ ትናገራለች፤ «ሲንጀር ናት?» ናት ሲባል ገንዘቡን ቆጠረ። ባለ ደመወዝ ጸሐፊው አባባ በራሳቸው ስም ተበድረው ያን ያህል ያገኙ እንደነበር እጠራጠራለሁ። ድሃ ውድ ዕቃ ሲገዛ ሀብታም ያባከነ ይመስለዋል። ሀብታም ግን የሚያምነው ሰው ስላለው ርካሽ ዕቃ ቢይዝም ማንም አይንቀውም፤ የተበሳ ጫማ ቢያደርግ ትሕትና ይባልለታል። ሌላው ሰው የሚመሰክርለት ሲያጣ ምስክር ይገዛል፤ ምስክር ደግሞ ውድ ነው። ክላርክ ይህን በ1856 አውቆታል። አበባውን በወርቅ ያሣለው ለመስፋት ስለሚጠቅም አይደለም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አጫወትኳቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ክላይድባንክን፣ መኪና ግርግርን፣ መያዣውን። ስጨርስ «ደህና ብለሃል» አሉኝ። «ጫማውስ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። እምዬ በቀጣዩ ዓመት መስከረም፣ ከስፌቱ ባገኘችው የመጀመሪያ ትርፍ፣ ጫማ ገዝታላቸዋለች፤ ይህን እሳቸውም አይክዱም። ግን የአንድ ዓመት ባንዲራ በባዶ እግር ተሰቅሏል። ስለዚህ ዓይነት ግዢ የሚጻፉ ነገሮች ሁሉ ስለ ገዢው ያወራሉ፤ ስለ ሻጩ ብልጠትም ያወራሉ። ከጓዳ ስለጠፋው ስኳርና ስለ ልጁ እግር የሚያወራ ግን አላጋጠመኝም። ክላርክም 2,564 ሲል የቆጠረው መኪናዎቹን ነው።

በመሐል ስለ አጎቴና ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ሳልጨምር ባልፍ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009፣ በእኛ 2001 ዓ.ም.፣ በሳውዲ ዓረቢያ አንድ ጉደኛ ወሬ ተነዛ። አሮጌ የሲንገር መኪናዎች ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» የተባለ ዋጋው የማይገመት ነገር አለ ተባለ። ሰው እየተጋፋ አሮጌ መኪና ፍለጋ ገበያ ወጣ፤ ለአንዷ መኪና እስከ 200 ሺህ ሪያል መጠየቁም በዜና ተነገረ። መሞከሪያው ደግሞ ተንቀሳቃሽ ስልክ ነበር። ስልኩን ወደ መርፌዋ ስታስጠጋው መስመሩ ከተቋረጠ ሜርኩሪው አለ ማለት ነው። የሳውዲ ፖሊስ ነገሩን አጣርቶ ማጭበርበር ነው እስኪል ድረስ ብዙ ሰው ተታሏል። ያኔ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራ የነበረች የእናቴ የአክስት ልጅ ሌሊት ደውላ «የእምዬ መኪና አለች? እንዳትሸጧት!» አለችን። ሲነጋ ከሁላችንም ቀድመው የደረሱት አጎቴ ናቸው። ያቺን የሚጠሏትን መኪና ዳንቴሏን ገፈው፣ ተንበርክከው፣ አንድ የስልክ ጥሪ ከፍተው መርፌዋ ሥር አስጠጉ። መስመሩ አልተቋረጠም። ገለበጡ፣ አዞሩ፣ በሌላ ስልክ ሞከሩ። አሁንም አልተቋረጠም። ሲነሡ ጉልበታቸውን እያራገፉ «የጫማዬን ካሳ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ወደ እህቴ ልመለስ። የእሷ ስልክ የእምዬ መኪና ናት ብዬ ለመደምደም ቸኩዬ ነበር፤ ግን ልክ አይመጣም። የእምዬ መኪና ስልሳ ዓመት አልፏት ዛሬ ብትረገጥ ትሰፋለች፤ መርፌዋም መርካቶ ይገኛል። ስልኩን ግን የሠራው ድርጅት ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማደሱን ያቆምና አሮጌ ያደርገዋል። ሲንገር አሮጌዎቹን በመዶሻ ሰባበረ፤ የዛሬዎቹ መዶሻም አላስፈለጋቸውም። መያዣ ልስጥ ብትልም በየወሩ ዋጋው ይወርዳል። በዚህ በኩል ወንድሜ በጣቱ የቆጠረው ስሌት እውነት አለው።

ይህንኑ ለእሷ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ከሱቁ የመጣውን ልብስ በስልኩ ፎቶግራፍ እያነሣች ማታ ማታ በቴሌግራም ትሸጣለች፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሆነች ኮሚሽን አላት። በአሮጌው ስልኳም ይህንኑ ስታደርግ እንደነበር ስለማውቅ «ታዲያ ያኛው ምን አነሰው?» አልኳት። ትንሽ አሰበች።

«ዕቃ ላስረክብ ስሄድ ደንበኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት እጄን ነው» አለች። «በድሮው ስልክ ጊዜ ‹ልጅቷ፣ ባለቤቷን ጥሪያት› ይሉኝ ነበር። አሁን ሒሳቡን ለእኔ ይሰጣሉ።»

ምሳ የምትቋጥርበት ሳህን ሰሞኑን ቀለል ብሏል፤ እናታችንም አይታዋለች፤ እያየች ሹሮውን ጨምር አድርጋ ታወጣላታለች። ዕቁቡ ገና አሥራ አንድ ሳምንት ይቀረዋል።